የባውጁ አውራ ጣት

ባውጁ ሹሊን ከተማ ውስጥ ከባቡር ሐዲዱ በስተጀርባ በነበረው የጂየን ፋብሪካ ሠላሳ አንድ ዓመት ስትሠራ አንድ ቀን አርፍዳ አታውቅም። ባሏ የሞተ ጊዜ እንኳ ቀብሩ በተፈጸመ በማግስቱ፣ የሐዘን ጨርቋን እጅጌዋ ላይ እንደሰካች መጥታ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። ጎረቤቶቿ አሟት። እሷ ግን ቤት ተቀምጦ ግድግዳ ከማየት እጅ እየሠራ ማልቀስ ይሻላል ባይ ነበረች። ደግሞም የዚያን ቀን አላለቀሰችም፤ አራት መቶ ቦርድ ነው የጨረሰችው።

ሥራዋ በወሬ ለሚሰማ ሰው ቀላል ይመስላል። ኮምፒውተር ሆዱ ውስጥ አንድ አረንጓዴ ሰሌዳ አለው፤ ቦርድ ይሉታል፤ ሌላው ነገር ሁሉ የሚሰካው እሱ ላይ ነው። የሰሊጥ ፍሬ የሚያክሉትን ጥቃቅን ዕቃዎች ማሽን ዓይን በማይከተለው ፍጥነት ይደረድራቸዋል። ትልልቆቹን የድሮ መሰኪያዎች ግን የጂየን ማሽኖች አይችሏቸውም። የድሮ ማተሚያ የሚሰካበት ሃያ አምስት እግር አለው። ሚዛንና የሎተሪ ማሽን የሚሰካበት ዘጠኝ አለው። ተጨማሪ ካርድ የሚቆምበት ያ ነጭ ረጅም ማስገቢያ ደግሞ ከመቶ በላይ አለው። እነዚህ እግሮች ሁሉ በአንድ ጊዜ፣ አንዳቸውም ሳይታጠፉ፣ በየቀዳዳቸው መግባት አለባቸው። ከዚያ ቦርዱ በቀለጠው የብየዳ ብረት ላይ እንደ ጀልባ ተንሳፍፎ ያልፍና እግሮቹ እስከ ወዲያኛው ይያዛሉ። አንዷ እግር ተጣጥፋ ከሥር ብትደበቅ ከላይ ለሚያየው ቦርዱ ሙሉ ነው፤ ገዢው ቤት ሲደርስ ግን ሚዛኑ ዝም ይላል፣ ማተሚያው ፊደል ይውጣል። ስለዚህ ይህን የሚሠራው እጅ ነው። ከእጅም አውራ ጣት።

ባውጁ መሰኪያውን በሁለት ጣቷ ይዛ ቀዳዳው ላይ ታሳርፈዋለች፤ ከዚያ በአውራ ጣቷ አንዴ ጫን። የታጠፈ እግር ካለ ገና ሳይገባ ጣቷ ያውቀዋል። እንዴት እንደምታውቅ አዲስ የገቡ ሴቶች ይጠይቋት ነበር።

«እሩዝ ስትበዪ ጠጠር ሲገባብሽ ማን ነግሮሽ ነው ጥርስሽ የሚቆመው?» ትላቸዋለች።

በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ በሷ ጣት ጥፋት ከገዢ የተመለሰ ቦርድ ሁለት ብቻ ነው። ሁለቱንም ወሩንና ቀኑን ጠርታ ትናገር ነበር፤ ሰው የሞተበትን ቀን እንደሚናገር። ሌላ የምትኮራበት ነገር አልነበራትም። መልክ የላትም፣ ትምህርቷ አራተኛ ክፍል ላይ ቆሟል፣ ልጇ ካውሹንግ የሚባል ሩቅ ከተማ ሄዶ በዓመት ሁለት ጊዜ ነው የሚደውለው። ጣቷ ግን ጣት ነበር።

ፋብሪካው ፋብሪካ ከመሆኑ በፊት የጂየን ሳሎን ነበር። ያኔ ጂየን፣ ሚስቱ ሱዪንና ባውጁ ሦስቱ መሬት ላይ ተቀምጠው ለሌላ ፋብሪካ መሰኪያ ይገጥሙ ነበር። የሱዪን ሕፃን ጀርባዋ ላይ ታዝላ ትተኛለች፤ ጂየን ደግሞ የተሠራውን በሞተር ብስክሌት ጭኖ ያደርሳል። ምሳቸው የሩዝ ሾርባ በተቀቀለ ለውዝ ነው። ሥራው ሲሰፋ ሳሎኑ አልበቃ አለ፤ ጋራዡ ተጨመረ፤ በኋላ ሐዲዱ ጀርባ ያለውን ሕንፃ ተከራዩ። ሱዪን የሕንፃውን ሁለተኛ ዓመት ሳታይ በጉበት ሞተች። ከዚያ ወዲህ ጂየን ከሠራተኛ ጋር ብዙ አያወራም፤ አለቃ ሆነ። ብቻ ጠዋት ጠዋት ወደ መስመሩ ይወርድና ባውጁ ጋ ሲደርስ «በላሽ?» ይላታል። «በላሁ» ትለዋለች። ይኸው ነው ጨዋታቸው። ሠላሳ ዓመት በዚህ አንድ ቃል ኖሩ፤ አልጎደለባቸውም።

ባውጁ ሥራ ስትጀምር ቦርዱ የምግብ ትሪ ያክል ነበር፤ በአንዱ ላይ ስምንት ዘጠኝ መሰኪያ ይተከልበታል፤ መስመሩ ላይ አሥራ አንድ ሴቶች ነበሩ። እያደር ቦርዱም ጠበበ፣ ሴቶቹም አነሱ። በመጨረሻ የጂየን ፋብሪካ የሚታወቀው በአንዲት ትንሽ ቦርድ ሆነ። ከተዘረጋ መዳፍ ብዙም አትበልጥም፣ ማራገቢያ የላትም፣ የምትበላው ኤሌክትሪክ ከአንድ ደብዛዛ አምፖል አይበልጥም፤ ግን ቀን ከሌት ሳትጠፋ ዓመታት ትሠራለች። ይህችን ቦርድ የሚገዛት ጨዋታ የሚጫወት ጎረምሳ አይደለም። የዓሣ ገበያ ሚዛን ያለው፣ የሎተሪ መስኮት ያለው፣ የሹራብ ማሽን ያለው ነው። ማሽኑ ሃያ ዓመት የሠራና ገና ሃያ ዓመት የሚሠራ፣ ኮምፒውተሩ ብቻ የሞተበት ሰው ነው የሚገዛት። እነዚያ ማሽኖች የሚሰሙት በድሮው መሰኪያ ሲነገራቸው ብቻ ነው። ስለዚህ ያቺ ትንሽ ቦርድ አራት ባለ ዘጠኝ እግር፣ አንድ ባለ ሃያ አምስትና አንድ ነጭ ማስገቢያ ተሸክማ ትወጣ ነበር፤ ትንሽ ሴትዮ ትልቅ እንስራ እንደተሸከመች።

ኢንጂነሩ ሊያው ይህን እንስራ አይወድም ነበር። ክፉ ሰው አይደለም፤ ሥራውን ያውቃል። የቦርድ ጠርዝ እንደ ዋና መንገድ ዳር ቦታ ነው፣ ሁሉም እዚያ መቆም ይፈልጋል፣ እነዚህ አሮጌዎች ግማሹን ይዘው ለአዲሶቹ አላስቀምጥ አሉ፣ እያለ ይሟገት ነበር። አሁን ሰው ሁሉ ፍላሽ በሚሰካበት በዚያ በትንሹ ቀዳዳ ሁሉም ነገር ይሄዳል፤ የቀረውን ገዢው ገመድ ገዝቶ ያስተካክል፣ ባይ ነው። በየዓመቱ አዲስ ንድፍ ሲያመጣ አንድ መሰኪያ ቀንሶ ያመጣል፤ ጂየን ደግሞ አይቶ ይመልሰዋል።

አንድ ቀን መስመሩ ላይ ሴቶቹ እየሰሙ ተጨቃጨቁ።

«አለቃ፣ እኛ የምንሠራው ኮምፒውተር ነው ሙዚየም?»

«ሙዚየም ቢሆንማ መግቢያ አስከፍልህ ነበር» አለው ጂየን። «ሂድና መሰኪያዎቹን ወደ ቦታቸው መልስ። ዓሣ ነጋዴ ደህና ሚዛኑን ለአንድ ቀዳዳ ብሎ ይጣል?»

ሴቶቹ አንገታቸውን ደፍተው ሳቁ። ያኔ አራት ነበሩ። ከዓመት በኋላ ሁለት ቀሩ፤ ባውጁና ንጉየት።

ንጉየት ከቬትናም አግብታ የመጣች፣ ሠላሳ አምስት ዓመት የማይሞላት፣ አፈኛ ሴት ናት። ባሏ ጀርባውን ተጎድቶ ከሥራ የዋለ፣ ልጆቿ ሁለት። መስመሩ ላይ ገና ሁለተኛ ዓመቷ ነበር። ጠዋት ሊያው ሰላም ሲላቸው ወደ ባውጁ ጠጋ ብላ፣ «እትዬ፣ ዛሬ ሳቀልን። ምን ሊነቅል ነው?» ትላለች። ባውጁ ስትቆጣት ደግሞ፣ «ኧረ ይንቀል! ብቻ ያንቺን ጣት እንዳይነቅል። እሱን ከነቀለ እኔም ልጆቼን ይዤ ሐዲዱ ላይ ነው የምተኛው» ትላለች። ባውጁ እንዲህ ያለ ቀልድ አትወድም። ነገር ግን ልጅቱን ትወዳት ነበር፤ የታጠፈች እግር በጣት መስማትን ያስተማረቻትም እሷው ናት።

በዚያ ክረምት ወሬ ተነሣ። በሚመጣው ዓመት ሥራው ስለሚያንስ ከሁለቱ አንዷ ትቀራለች ተባለ። ማን እንዳወራው አልታወቀም። ባውጁ ስልሳ ሁለት ዓመቷ ነበር። ጡረታዋ ሦስት ዓመት ቀርቶታል፤ ግን ያሳሰባት ጡረታው አልነበረም። ከዚያ ወንበር ስትነሣ ወዴት እንደምትሄድ ማሰብ አቃታት። ቤቷ ወንበር አለ፤ ሰው የሚፈልገው ወንበር ግን እዚያ መስመር ላይ ያለው ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት የጂየንን ፊት እያየች አንድ ነገር ልታነብ ትሞክር ነበር። ጂየን ደግሞ በዚያ ክረምት ወደ መስመሩ መውረዱን አሳንሶ ነበር። ሲወርድም በግድግዳው ጥግ ይዞ ቀስ ብሎ ነው፤ «በላሽ?» ይልና ፊቷን ሳያይ ያልፋል። ዓይኔን ለማየት አፍሯል፣ አለች በልቧ።

የዓመቱ መዝጊያ ግብዣ ደረሰ። በዚያ አገር የግብዣው ቀን ዶሮ ከነራሱ ይቀርባል። የድሮ አለቆች ማሰናበት የፈለጉትን ሠራተኛ በአፋቸው አይነግሩትም፤ የዶሮውን ራስ ወደሱ ያዞሩበታል። ሰውየው ይገባዋል፣ እራቱን ጨርሶ ይበላል፣ ከአዲስ ዓመት በኋላ አይመለስም። ማንም ማንንም አላዋረደም። የዛሬ አለቆች ይህን ፈርተው ዶሮውን ያለ ራስ ያስቀርባሉ፤ ወይም እንደ ጂየን የዶሮውን ራስ ወደ ገዛ ራሳቸው አዙረው ሠራተኛው ተረጋግቶ እንዲበላ ያደርጋሉ። ጂየን በየዓመቱ ዶሮው ሲመጣ በገዛ እጁ ምንቃሩን ወደ ደረቱ ያዞርና «ይኸው፣ ዘንድሮም የተባረርኩት እኔ ነኝ» ይላል። ሰው ይስቃል። ያች ሳቅ የዓመቱ ዋስትናቸው ነበረች።

ግብዣው በምሳ ሰዓት ከቤተ መቅደሱ አጠገብ ባለው ምግብ ቤት ነበር። በክቡ ጠረጴዛ ላይ ዘጠኝ ሆነው ተቀመጡ፤ ጂየን ከበሩ ፊት ለፊት፣ ሊያው በቀኙ፣ ባውጁና ንጉየት ከወዲያ ማዶ። አስተናጋጁ ዶሮውን አምጥቶ መካከል ካለው ከሚሽከረከረው መስታወት ላይ አኖረው፤ ራሱ ወደ ጂየን ነበር። ጂየን በእጁ አልነካውም፣ የዓመቱን ቀልድም አልተናገረም። ቀጥሎ ዓሣው መጣ። የዓሣ ሆድ የባውጁ ሞት ነው፤ ንጉየት ይህን ታውቃለች። ስለ ዶሮው ራስ ግን የነገራት ሰው አልነበረም፤ ያለፈው ዓመት ግብዣ ጊዜ ልጇ ታሞባት ሐኪም ቤት ነበረች።

«ቆይ እትዬ፣ ሆዱን ሊያው ሳይቀድምሽ» ብላ መስታወቱን ገፋች። መስታወቱ ዞረ። ዓሣው ባውጁ አጠገብ መጥቶ ቆመ፤ ዶሮውም አብሮ ዞሮ ምንቃሩን በባውጁ ደረት ትክክል አድርጎ ቆመ።

ጠረጴዛው ጸጥ አለ። ንጉየት ዓሣውን እየቆረሰች ነበርና ጸጥታውን አልሰማችም። ሊያው ወደ ሳህኑ አቀረቀረ። መስታወቱን ማንም ያዙረው፣ የሚመልሰው አለቃው ነው፤ ሌላ ሰው ከነካው ነገሩን አባሰው ማለት ነው። ስለዚህ ሁሉም ጂየንን አየ። ጂየን ፊቱን ወደ ዶሮው አቅንቶ ነበር። ቀጥ ብሎ፣ ረጋ ብሎ አየው። ባውጁም ሲያየው አየችው። ከዚያ ጽዋውን አነሣና፣

«ብሉ እንጂ፤ ምን ዝም አላችሁ?» አለ።

ባውጁ በመብያ እንጨቶቿ የዓሣውን ሆድ አንሥታ በላች። «ጥሩ ነው» አለቻት ንጉየትን። ሾርባውንም ጠጣች፣ የሩዝ ኬኩንም ቀመሰች፤ ሰው ሳህኗን አይቶ እንዳያዝንላት ምንም አላስተረፈችም። ሲወጡ ንጉየት፣ ምንድነው ሰው ሁሉ እንደ ቀብር ቤት ያኮረፈው፣ ብላ ጠየቀቻት። ዓሣው ትኩስ ስለነበር ነው፣ ምላሳቸው ተቃጥሎ ነው፣ አለቻት።

በማግስቱ ወደ ጂየን ቢሮ ወጣች። ሠላሳ አንድ ዓመት ስትሠራ ያንን ደረጃ የወጣችው ከአምስት ጊዜ አይበልጥም። ሌሊቱን ስታስብ አድራለች። ሁለት ነገር ነው ያሰበችው። አንደኛ፣ ከሁለቱ አንዷ የምትቀር ከሆነ ሁለት ልጅ ያላት ትቆይ። ሁለተኛ፣ ጂየን በአፉ ሊነግራት ያልቻለው የሱዪንን ሳሎን አስቦ ነው። አንድ ሰው ሊናገረው የከበደውን ነገር ሄዶ ማስለፍለፍ ነውር ነው።

«አለቃ፣ ከአዲስ ዓመት በኋላ ባልመጣ ይሻላል ብዬ ነው» አለች።

ጂየን የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘ። ፊቱ ወደሷ ነበር፤ ዓይኑ ግን በትከሻዋ አልፎ ግድግዳውን ያያል።

«አስበሽበታል?»

«አስቤበታለሁ።»

«እሺ» አለ። «አንቺ ካልሽ።»

እንድትቆይ አልለመናትም። ለምን ብሎ አልጠየቃትም። ባውጁ ደረጃውን ስትወርድ፣ እንኳን ቀድሜ ገባኝ፣ አለች ለራሷ። የጣት ጓንቷን አጥባ ለንጉየት ሰጠች። ንጉየት አለቀሰች፣ ተቆጣች፣ ባል አግኝተሻል እንዴ ብላ ቀለደች፤ ሁሉንም ባንድ ትንፋሽ። የባቡር መሻገሪያው እስኪዘጋ ሸኘቻት።

ከዚያ ወዲህ የነበረውን ጊዜ ስለ ባውጁ ብዙ የሚወራ የለም። ጎሕ ሲቀድ ትነሣለች፤ የአኩሪ አተር ወተቷን ጠጥታ ገበያ ትሄዳለች፤ በቤተ መቅደሱ ደጅ ካሉት አሮጊቶች ጋር የለውዝ ቅርፊት ትፈለፍላለች። ስትቀመጥ አውራ ጣቷ ጉልበቷ ላይ ጫን ይላል፣ ይነሣል፣ ጫን ይላል። አንዷ አሮጊት፣ «ምን ትቆጥሪያለሽ? ጸሎት ነው?» ብላ ጠየቀቻት። ባውጁ እጇን በኪሷ ከተተች።

በስምንተኛው ወር ገበያ ውስጥ ዓሣ ነጋዴው ኮንግ ሲሳደብ አገኘችው። ሚዛኑ ደህና ነው፤ ኮምፒውተሩ ሞቶበት አዲስ ከጂየን ፋብሪካ አስመጣ። ቦርዷ ያቺው ትንሿ ቦርድ ናት፤ ጠርዟ ላይ ግን ያ ባለ ዘጠኝ እግር የለም፣ የማተሚያውም የለም፣ ነጩም ማስገቢያ የለም። ገመድ በገመድ ቀጣጥለው ሰጡት። አሁን ሚዛኑ አንዴ ይናገራል፣ አንዴ ይተኛል፤ ሁለት ኪሎ ቱና አስቀምጦ ባዶ ይልበታል።

«እንደ አማቴ ሆነብኝ» አለ ኮንግ። «መልስ ከሰጠኝም ሲያሻው ነው። ማነው ግን የነቀለው? ያንን መሰኪያ ምን በደላቸው?»

ባውጁ ቦርዷን ከሳጥኑ አውጥታ አየቻት። ጠርዟ ንጹሕ ነው፤ ቀዳዳዎቹ እንኳ የሉም፤ ጥርስ እንደወለቀበት ድድ አይደለም፣ ጥርስ ኖሮበት እንደማያውቅ ድድ ነው። እጅ የነካው አንድም ቦታ አጣች። ስለ ንጉየት ጠየቀች። ኮንግ እዚያ ሰፈር ዓሣ ያደርሳልና ያውቃታል፤ የእጅ መስመሩ ከተዘጋ ሁለት ወር ሆኖታል፣ ልጅቱ የምሳ ዕቃ ከሚሸጥ ቤት ድስት ታጥባለች፣ አላት።

ባውጁ ያን ቀን ዓሣ ሳትገዛ ተመለሰች። ነገሩ ሁሉ ቀድሞ የተቆረጠ ነበር አለች። ጂየን መሰኪያዎቹን ሊነቅል ወስኖ ነበር፤ ዶሮው የነገራት ይህንኑ ነው። ቀድማ በመውጣቷ ንጉየትን ያዳነች መስሏት ነበር፤ ያዳነቻት ለስድስት ወር ብቻ ሆነ። ቅሬታ ገባት። ከሰው ጋር ሠላሳ ዓመት ኖሮ መጨረሻውን በወጥ ቤት ዶሮ ማስነገር፣ አለች። ከዚያ በፊት በጂየን ላይ ክፉ ነገር አስባ አታውቅም ነበር።

ዓመቱ ሊዞር ሲል ዓይኗ ጭጋግ አለባትና ባንቻው ከተማ ወዳለው የዓይን ሐኪም ቤት ሄደች። ቁጥር ይዛ ኮሪደሩ ላይ ከተደረደሩት ወንበሮች በአንዱ ተቀመጠች። አንዲት ሴት አንድ ሽማግሌ በክንዱ ይዛ መጣችና አጠገቧ ካለው ወንበር አስቀመጠችው፤ ወንበሩን መጀመሪያ በእጁ ዳበሰው። ሴቲቱ መድኃኒት ላምጣ ብላ ሄደች። ባውጁ ቀና አለች። ጂየን ነው። ልጅቱም ፔይሸን ናት፤ በሱዪን ጀርባ ላይ ትተኛ የነበረችው።

ባውጁ ልቧ ደነደነ። ሰላም ልበለው አልበለው እያለች ስታመነታ እሱ ፊቱን ወደሷ መለሰ። በአንድ ክንድ ርቀት ናቸው። ፊት ለፊት አያት።

«እህቴ፣ ይቅርታ» አለ። «ስንተኛው ቁጥር ደረሰ?»

ባውጁ የሚቀልድባት መሰላት። ቀጥላም ዓይኑን አየች። ዓይኑ በትከሻዋ አልፎ ግድግዳውን ያያል።

«አርባ ሦስት» አለች።

ጂየን ድምፅዋን ሲሰማ እጁ ጉልበቱ ላይ ቆመ። «ባውጁ?»

«እኔው ነኝ፣ ጋሼ።»

«በላሽ?» አላት።

«በላሁ» አለች።

ጂየን ማውራት ጀመረ። በሠላሳ ዓመት ያላወራውን ያህል አወራ። ዓይኑ መካከሉ መጥፋት ከጀመረ ሦስት ዓመት ሆኖታል፤ አሁን ዳር ዳሩን ጥላ ያያል፣ ፊት ለፊት ያለውን አያይም። ደንበኞች እንዳይሸሹ፣ ሠራተኞችም እንዳይደነግጡ ብሎ ደበቀው። የሊያውን ንድፍ ፔይሸን ማታ እያነበበችለት ነበር የሚመልሰው። የመስመሩን መንገድ እርምጃ ቆጥሮ ያዘው፤ እሷ ጋ መድረሱን የሚያውቀው መሰኪያው ሲገባ በሚያሰማው ድምፅ ነበር፤ የሷ ከሌሎቹ ይለያል።

ባውጁ እጇን በእጇ ጨበጠች። መጠየቁን ፈራችው፤ ግን ጠየቀችው።

«ያኔ… የመጨረሻው ግብዣ ላይስ?»

«ተይኝ እባክሽ» አለና ትንሽ ሳቀ። «የዚያን ቀን ዶሮውን ከሩዝ ኬኩ አልለየውም ነበር። እንደ ወትሮው በእጄ ላዙር ብል ሾርባው ውስጥ ብከት ጉድ ነው። አስተናጋጁን በሩ ላይ ይዤ ራሱን ወደኔ አድርገህ አስቀምጥ፣ አደራ አልኩት። ልጁ አደራዬን ጠብቋል መሰለኝ፤ ማንም ምንም አላለም።»

ድምፅ ማጉያው «አርባ አራት» ብሎ ጠራ። አንድ ሰው ተነሥቶ ሄደ።

«ጠብቋል» አለች ባውጁ። «ወደ እርስዎ ነበር።»

ጂየን ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ድምፁ ዝቅ አለ። «አሁን አንቺ ንገሪኝ። ዓመት ሙሉ ሳስበው ነበር። በማግስቱ መጥተሽ እሄዳለሁ አልሽኝ። ምን በደልኩሽ? ፊትሽን አይቼ እንዳልረዳ አላይም፤ እንዳልለምንሽ ደግሞ ልቧ ከቆረጠ አላዋርዳት አልኩ። ምን አድርጌሽ ነው?»

ባውጁ እውነቱን አፏ ላይ አደረሰችው። ከዚያ ይህ ሰው እቤቱ ገብቶ በጨለማው ውስጥ ያንን ጠረጴዛ ደጋግሞ ሲያዞር ታያት፤ ንጉየትም ይህን ብትሰማ የገፋ እጇን ዕድሜ ልኳን ስታየው ታያት። የቀራት አንድ ነገር ነበር፤ እሱንም አወጣችው።

«እርስዎ ምንም አላደረጉኝም» አለች። «ጣቴ ነው። አልታዘዝ አለኝ። በዚያ ወር ሁለት ጊዜ እግር አጥፌ ሳሳልፍ ራሴን ያዝኩ። አልሰማኝም። በኔ እጅ ሦስተኛ ቦርድ ተመልሶ ሳላይ ልውጣ አልኩ። አፍሬ ነው ያልነገርኩዎት።»

ጂየን ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰ፤ ትልቅ ሸክም እንዳወረደ ሰው። «ጣትሽ!» አለ። «አዬ ባውጁ። ጣትሽ ነው እንዴ?» ከዚያም እንደዋዛ፣ «አንቺ ስትሄጂ ነው ለሊያው እሺ ያልኩት። ሦስት ዓመት ይቀራታል፣ እስከዚያ ማንም መሰኪያ አይነካም ብዬው ነበር። አንቺ ከሌለሽ ለማን ብዬ ላቆየው? ያቺ ልጅ ብቻዋን የታጠፈውን እግር ልትሰማው አልቻለችም፤ ብዙ ቦርድ ተመለሰብን» አለ።

የባውጁ አውራ ጣት ጉልበቷ ላይ ጫን አለ፣ ተነሣ።

ጂየን እጁን ዘረጋ። «እስቲ ጣትሽን» አለ። «ያብጣል? ያማል?»

እጇን ሰጠችው። ቀኝ አውራ ጣቷን በሁለት ጣቶቹ ይዞ ቀስ አድርጎ አጠፈው፣ ዘረጋው። ጣቷ እንደ ድሮው ጠንካራ ነበር። ባውጁ ይህን አወቀችና ጅማቱን ለቀቀችው፤ እንደ ደከመ ሰው ጣት እጁ ላይ ወድቆ ቀረ።

«አዬ፣ በእርግጥ» አለ ጂየን። «ጉልበት የለውም።»

ፔይሸን መድኃኒቱን ይዛ መጣች። ባውጁን አውቃ ደነገጠች፣ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣቻት፣ እንዴት ነሽ እትዬ አለቻት። አባቷን በክንዱ ደግፋ አነሣችው። ኮሪደሩን ይዘው ሲሄዱ ጂየን ለልጁ ሲነግራት፣ ጆሮው መድከም የጀመረ ሰው እንደሚያደርገው ድምፁን ከፍ አድርጎ ነበር፤ ባውጁን አስቀይሜ መስሎኝ ነበር፣ ጣቷ ኖሯል፣ እያለ ሄደ።

ድምፅ ማጉያው የባውጁን ቁጥር ጠራ። ደግሞ ጠራ። አጠገቧ የነበረ ሰው ወረቀቷን አይቶ፣ «እናቴ፣ አንቺ ነሽ» አላት። ባውጁ ተነሥታ ገባች። ሐኪሙ ወንበሩ ላይ አስቀምጦ አገጭሽን እዚህ አድርጊ፣ መብራቱን እይ፣ ዓይንሽን እንዳታርገበግቢ አላት። ስታየው ቆየች። እንባው ሲወርድ ሐኪሙ መብራቱ ነው፣ ሁሉንም ያስለቅሳል፣ አላትና በጥጥ ጠረገላት።